ላሊበላ ለሁለት፦ ሦስት ቤተ መቅደስ፣ አንድ ረጅም ምሳ

መጀመሪያ እኛ ያበላሸነውን ልንገራችሁ። ከባለቤቴ ጋር ላሊበላን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየነው በተጋባን በሁለተኛው ዓመት ነው። ከደሴ ተነስተን፣ ወልድያ አድረን፣ የድልብን ዳገት ወጥተን፣ ጋሸና ላይ ታጥፈን ገባን። «ይህን ሁሉ መንገድ መጥተን አንዱም ሊቀረን አይገባም» ተባባልንና አሥራ አንዱንም በአንድ ቀን ለመጨረስ ተነሳን። ጨረስናቸውም። እኩለ ቀን ላይ በሮቹ ሲዘጉ እንኳ አርፈን አልተቀመጥንም፤ ቆሎ እየቆረጠምን ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ዞርነው። ማታ 12 ሰዓት ሊሆን ሲል አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ተዘረጋን። የትኛው ሥዕል የትኛው ቤተ መቅደስ ውስጥ እንደነበር እሱም አያውቅ፣ እኔም አላውቅ። እግራችን አቧራ፣ ካልሲያችን ቁንጫ። ምግቡ ዘገየ፣ ሲመጣም ያላዘዝነው ነበር፤ ተኳርፈን በላነው።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተመልሰናል። አሁን የምንሄድበትን መንገድ ነው የማስቀምጥላችሁ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ጠዋት ሁለት ቤተ መቅደስ፣ ከሰዓት አንድ፣ በመካከል ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ምሳ። ምሳውን እንደ እረፍት አትቁጠሩት፤ ጠዋት ያያችሁትን የምታዩት እዚያ ቁጭ ብላችሁ ነው።

1. ቀኑን መምረጥ

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ላሊበላ እንደ ሌላ ሙዚየም ጠባቂ ብቻ ያለበት ቤት አይደለም፤ ይቀደስበታል፣ ይጸለይበታል። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም፣ በነቢያትና በፍልሰታ ደግሞ የሥራ ቀናቱን በሙሉ፣ ቅዳሴው የሚገባው እኩለ ቀን አካባቢ ነው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ልትጎበኙ ስትመጡ ሕዝቡ ገና ቆሞ ታገኙታላችሁ። ማስቀደስ ከሆነ የመጣችሁት እሰየው። ሥዕልና ጥርብ ድንጋይ ተረጋግታችሁ ለማየት ከሆነ ግን ሰኞ፣ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ይሻላል።

ወርኃዊ በዓላቱንም ከቀን መቁጠሪያ ላይ እዩ። በ21 ቤተ ማርያም፣ በ23 ቤተ ጊዮርጊስ፣ በ27 ቤተ መድኃኔ ዓለም ሰው ይበዛባቸዋል። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፤ አህያውና ጭነቱ ከየገጠሩ ሲወርድ ማየት ራሱ አንድ ትዕይንት ነው፤ ግን ጸጥታ ለሚፈልግ ሰው አይሆንም።

ገናን አንሱልኝ የሚል አይጠፋም። በገና ማለዳ ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ባለው የዓለት አፋፍ ላይና ከሥሩ ሆነው «ቤዛ ኩሉ»ን ሲያሸበሽቡ መስማት በሕይወት አንዴ ሊያመልጥ የማይገባ ነገር ነው። እኔ የምጽፈው ግን ሁለት ሰው አንድ መስኮት ፊት አሥር ደቂቃ ቆሞ የሚያወራበትን ቀን ነው፤ በገና ያ አይታሰብም። ሐምሌና ነሐሴን ደግሞ ተዉት፤ ደረጃው ያዳልጣል፣ ጉድጓዱም ይረጥባል።

2. ዋዜማው

የመንገዱን ሁኔታ ከመነሳታችሁ በፊት አጣሩ። በመኪና ከመጣችሁ ያን ቀን ሌላ ነገር አታስቡ፤ ግቡ፣ ታጠቡ፣ ተኙ። በአውሮፕላን የመጣም ቢሆን ከማረፊያው እስከ ከተማው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ጠመዝማዛ መንገድ ይቀረዋል። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ከአዋሽ ወይም ከኮምቦልቻ ለመጣ ሰው የመጀመሪያው ቀን ደረጃ ያስተነፍሳል።

በትዳር ያላችሁ ኦርቶዶክሳውያን የቤተ መቅደሱን ጠዋት ከመጀመሪያው ሌሊት ቀጥሎ አድርጉት። ምክንያቱን ታውቁታላችሁ። እህቶቼም የራሳችሁን ቀን አስቀድማችሁ ቁጠሩ፤ ይህን ያህል መንገድ መጥቶ ደጅ መቅረት ያንገበግባል።

ለነገው የሚያዝ፦ በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ (ማሰሪያ ያለው አይደለም፤ በየደጁ ታወልቁታላችሁ)፣ ሁለት ጥንድ ወፍራም ካልሲ፣ ነጠላ፣ ለሴት ረዘም ያለ ቀሚስ፣ ትንሽ ባትሪ፣ ዝርዝር ብር። ቁንጫው ቀልድ አይደለም። ምንጣፉ ውስጥ ነው የሚኖረው፤ የሱሪያችሁን ጫፍ ካልሲው ውስጥ ክተቱት፤ አያምርም፣ ግን ማታ ታመሰግኑኛላችሁ።

ዋናው የዋዜማ ሥራ ግን ምሳ ማዘዝ ነው። ኮሮናውና ጦርነቱ ተከታትለው እንግዳ ካሳጧት ወዲህ ላሊበላ ውስጥ ሁሉንም ነገር አዘጋጅቶ የሚጠብቅ ማድ ቤት ብዙ አይደለም። ዶሮ ወጥ ያማራችሁ እንደሆነ ዛሬ ማታ ነው የሚነገረው። ምሳ ለ6 ሰዓት ተኩል ብላችሁ፣ የምትበሉትን ለይታችሁ፣ የምትቀመጡበትንም ጠረጴዛ አሳይታችሁ ተመለሱ። እኛ ያን ጊዜ ያላዘዝነውን ምግብ የበላነው ይህን ባለማወቅ ነው።

3. ትኬትና አስጎብኚ

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ትኬት ቢሮው ጋ ሁኑ። ቤተ መቅደሶቹ ለጎብኚ ክፍት የሚሆኑት ከጠዋቱ 2 እስከ ቀኑ 6፣ ከዚያ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። መካከል ላይ ያለው ሁለት ሰዓት ነው የምሳውን ሐሳብ የሰጠኝ።

አስጎብኚ ያዙ፤ መታወቂያ ያንጠለጠለውን። አስጎብኚዎቹ አሥራ አንዱን በአንድ ቀን ማስጨረስ ለምደዋል፤ ስለዚህ ከመነሻው በግልጽ ንገሩት፦ «ሦስት ነው የምናየው። በየአንዳንዱ ውስጥ መጀመሪያ ታስረዳናለህ፣ ከዚያ አሥራ አምስት ደቂቃ ትተወናለህ።» የእኛው መጀመሪያ ግራ ተጋባ፤ ገንዘብ ልንቀንስበት መስሎት ነው። ሙሉ ዋጋውን እንደምንከፍል ሲያውቅ ደስ ብሎት አንድ ጥግ ላይ ተቀመጠ።

ከትኬት ቢሮው አጠገብ ትንሽ ሙዚየም አለች። ግማሽ ሰዓት ስጧት። መስቀሎቹን፣ የብራና መጻሕፍቱን፣ ጃንጥላና ጽናጽሉን በመስታወት ውስጥ ረግተው የምታዩት እዚህ ብቻ ነው፤ ውስጥ ስትገቡ መስቀሉ በካህኑ እጅ ነው፣ ካህኑም ሊያሳልማችሁ እንጂ ሊያስጠናችሁ አይደለም የሚያወጣው። የላሊበላን መስቀል ከሌላው ለዩት፦ መካከሉ ላይ መስቀል፣ ዙሪያውን እንደ ቅጠል ወይም እንደ ነበልባል የሚያቅፈው ክፈፍ፣ በክፈፉም ላይ የተደረደሩ ትናንሽ ጉጦች። ጉጦቹን ካህናቱ በሐዋርያት ይመስሏቸዋል። ቁጠሯቸው።

አፍሮ አይገባ ስለሚባለው መስቀል እዚህ ቢነሳላችሁ አዳምጡ። ከቤተ መድኃኔ ዓለም በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ፣ አገር ለቆ ወጥቶ፣ ከአንድ የውጭ ቅርስ ሰብሳቢ እጅ የተመለሰ ነው።

4. ቤተ መድኃኔ ዓለምን በጎን ማለፍ

ይህን ስል የሚቆጡኝ አሉ። ከሁሉም ትልቁ እሱ ነው፤ ርዝመቱ 33 ሜትር፣ ወርዱ 23 ሜትር ገደማ፣ ዙሪያውን በምሰሶ የታጠረ። ከሦስቱ ውስጥ ግን አላስገባውም፤ ትልቅነቱ በአሥር ደቂቃ ይገባል። ወደ ቤተ ማርያም የምታልፉት በእሱ ስለሆነ ገብታችሁ ተሳለሙ፣ ለአብርሃም፣ ለይስሐቅና ለያዕቆብ ተብለው የተቆፈሩትን ሦስት ባዶ መቃብሮች እዩና ቀጥሉ። ከላይ ስለተተከለው ትልቅ ጥላም አትነጫነጩ። ድንጋዩ እሳተ ገሞራ የወለደው ለስላሳ ዓለት ነው፤ ለመጥረብ የተመቸው ያህል ዝናብም ይበላዋል።

5. ቤተ ማርያም፦ አሥራ አምስት ደቂቃ ተለያዩ

ሥዕል ለሚወድ ሰው የላሊበላ ልብ ይህቺ ናት። ሌሎቹ በአብዛኛው ባዶ ድንጋይ ናቸው፤ ቤተ ማርያም ግን ጣሪያዋ፣ ቅስቶቿ፣ የላይኛው ግድግዳዋ በቀለም የተሸፈነ ነው። ስትገቡ ምንም አይታይም። አትቸኩሉ፤ ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ሦስት አራት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ቁሙ። የስልክ ፍላሽ አታብሩ፤ ቀለሙን ይጎዳል፣ ካህኑንም ያሳውራል። ላሊበላ ላይ ጥቁር መነጽር ያደረጉ አባ ብታዩ እንዳትስቁ፤ የእኛው የፎቶ ጣጣ ነው ያስደረጋቸው። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት «አባ፣ ይፈቀድልናል?» ማለት ይበቃል።

አስጎብኚው ከጨረሰ በኋላ ተለያዩ። እሱ በአንድ በኩል፣ አንቺ በሌላው። እያንዳንዳችሁ አንድ ነገር ብቻ ምረጡ፤ የመረጣችሁትን እስከ ምሳ ድረስ አትናገሩ። ይህች የደነቀችኝ ዘዴ ናት፤ አንድ ነገር መምረጥ ያለበት ሰው ሁሉንም በደንብ ያያል።

ምን ልትመርጡ ትችላላችሁ? ከላይ የሚዋጉ ሁለት በሬዎች አሉ፤ አስጎብኚዎች አንዱን ብርሃን፣ ሌላውን ጨለማ ያደርጓቸዋል። ሁለት ራስ ያለው ንስር አለ። ከምዕራቡ መግቢያ በላይ ደግሞ ከድንጋዩ ጎልተው የተጠረቡ ፈረሰኞች ከዘንዶ ጋር ሲታገሉ ይታያሉ። መስኮቶቹን እዩ፦ እያንዳንዱ የሌላ መስቀል ቅርጽ ነው፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አራት እኩል ክንድ፣ አንዱ ክንዱ የታጠፈ። ብርሃኑ በዚያ ሾልኮ ወለል ላይ ሲወድቅ መስቀሉም አብሮ ይወድቃል። ባለቤቴ የመረጠው ያንን ነበር። እኔ በሬዎቹን ነው የያዝኩት፤ የገበሬ ልጅ ነኝና ቀንዳቸው የተቆላለፈበት ሁኔታ ውጊያ ዓይቶ በሚያውቅ ሰው እጅ እንደተሣለ ተረዳሁ።

መካከል ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ምሰሶ አለ። ያለፈውና የሚመጣው ዘመን ተጽፎበታል ይላሉ አባቶች፤ አይገለጥም። «ለእኛ ብቻ ትንሽ…» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ግቢው ውስጥ ያለው ውሃ ደግሞ ልጅ የሚሹ ሴቶች በገና ሰሞን የሚጠመቁበት ነው። ተጋብተው ጥቂት ዓመት የቆዩ ባልና ሚስት ፊቱ ሲቆሙ አስጎብኚው ትርጉም ባለው ዓይን ማየቱ አይቀርም። እኛንም አይቶናል። «እግዜር ሲል» ብሎ ባለቤቴ ዘጋው።

6. ቤተ ጎልጎታ፦ ሴት የማትገባበት

አሁን ወደ አስቸጋሪው መጣን። ቤተ ጎልጎታ ውስጥ ሴት አትገባም። በመጀመሪያው ጉዟችን ባለቤቴ ገብቶ ወጣ፤ «እንዴት ነው?» አልኩት፤ «ጥሩ ነው» አለኝ። ያቺን «ጥሩ ነው» እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ውስጥ ያለው ተራ ነገር አይደለም። የአገራችን ቤተ ክርስቲያን ጥበብ ቅዱሳንን በቀለም ይሥላል እንጂ በድንጋይ አይቀርጽም፤ ለዚህ ነው የቅዱሳን ምስል በድንጋይ ተቀርጾ ማየት ብርቅ የሆነው። ጎልጎታ ውስጥ ግን ቁመታቸው ሰው የሚያህል ቅዱሳን በቅስት ሥር ከግድግዳው ጎልተው ቆመዋል። ንጉሥ ላሊበላም ያረፈው እዚሁ ነው ይባላል።

ስለዚህ ባልሽን ባዶ እጁን አታስገቢው። ጥያቄ ስጪው። የእኔ ሦስቱ እነዚህ ነበሩ፦ እጃቸው ላይ ምን ይዘዋል? ከግድግዳው ምን ያህል ወጥተዋል፣ ጣትህን ከኋላቸው ልታስገባ ትችላለህ ወይስ አትችልም (ሳትነካ በዓይንህ ለካ)? ከሁሉም ማንን ትመስላለህ? ሦስተኛዋ ለጨዋታ ናት፤ ግን ፊታቸውን እንዲያይ የምታስገድደው እሷ ናት። መልሱን አልነግራችሁም፤ የራሳችሁ ሰው ያምጣላችሁ።

አንቺ እስኪወጣ ቤተ ሚካኤል ውስጥ ሁኚ፤ ከጎልጎታ ጋር የተያያዘው ቤተ መቅደስ ነው፣ ደብረ ሲናም ይሉታል፣ ሴት ይገባበታል። ምሰሶዎቹን ዙሪና ከላይ እስከ ታች ተመልከቻቸው፤ አራት ማዕዘን ሳይሆኑ መስቀል ቅርጽ ተደርገው የተጠረቡ ናቸው። እሱ ያላየውን አንቺም ይዘሽ ትወጫለሽ ማለት ነው። ከዚያ ውጭ የአዳም መቃብር የሚባለው ትልቅ ጥርብ ድንጋይ ጋ ተገናኙ።

የጫማ ጠባቂውን ልጅ፣ ያሳለሟችሁን አባ አትርሱ። ዝርዝር ብር ያዙ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

7. ምሳው

5 ሰዓት ተኩል ላይ ውጡ። በሩ እስኪዘጋ አትጠብቁ፤ በቀስታ መራመድ ያስፈልጋል።

የት? ሁለት ዓይነት ቦታ አለ። ከከተማው ጫፍ ገደል አፋፍ ላይ ያሉት፣ አሞራው ከእግራችሁ በታች የሚያንዣብብባቸው፤ ቤን አበባ የሚባለው፣ ሲያዩት ከሌላ ዓለም የወረደ የሚመስለው ሕንፃ ከነዚህ አንዱ ነው። «ቤን» በስኮትላንዶች አነጋገር ተራራ ማለት ነው፤ አንዲት ስኮትላንዳዊትና አንድ ያገራችን ልጅ ናቸው የጀመሩት። ሌላው ደግሞ ከተማው ውስጥ በየመንደሩ ያለው፣ ሽሮው በሸክላ ድስት እየተንፈቀፈቀ የሚመጣበት ቤት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ገደሉን ምረጡ፤ ጠዋቱን በሙሉ ጉድጓድና ዋሻ ውስጥ ስለቆያችሁ ዓይናችሁ ስፋት ይራባል። እኛ አሁን አሁን መንደር ውስጥ ነው የምንበላው፤ ሽሮዋ ትበልጣለች።

ምን? ቀኑ የፍስክ ከሆነ ያዘዛችሁት ዶሮ ወይም ጥብስ አለ። ወሎ ነውና ግን አንዳችሁ ሙስሊም፣ አንዳችሁ ክርስቲያን ልትሆኑ ትችላላችሁ፤ የእኔ እህትና ባሏ እንደዚያ ናቸው። የሥጋው ባራኪ ማነው የሚለው ጥያቄ ምሳችሁን እንዳያሻክረው በያይነቱ፣ ተጋቢኖ፣ ሱፍ ፍትፍት ካለም እሱን አዝዙ፤ አንድ መሶብ ላይ ሁለታችሁም ሳትሳቀቁ ትቆርሳላችሁ። መጠጡም እንዲሁ። ላስታ የማር አገር ነው፤ የዋግና የላስታ ነጭ ማር ስሙ የወጣ ነው፤ የንጉሡም ስም ሳይቀር በተወለደ ጊዜ ከበቡት ከሚባሉት ንቦች ጋር ተያይዞ ይተረካል። ጠጅ የማይጠጣ ሰው ብርዝ ይጠይቅ፤ ያው የማር ውሃ ነው፣ ገና ያልፈላ። የሚጠጣም ሰው ቢሆን በምሳ ከአንድ ብርሌ አይለፍ፤ ከሰዓት በኋላ ደረጃ አለ።

እንዴት? እዚህ ላይ ነው የምዘገየው። እስኪጠግቡ ድረስ ስለ ጠዋቱ አይወራም። ስለ ልጆች፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ አማት ይወራ፤ ጉርሻም ይሰጣጣል። ቡናው ሲቀርብ ነው ጠዋቱ የሚከፈተው።

አቦሉ ላይ የቤተ ማርያም ምርጫችሁን አውጡ። «እኔ የመረጥኩት…» ብሎ የሚጀምረው ስሙን ሳይናገር ይግለጸው፣ ሌላው ያግኘው። ባለቤቴ ወለል ላይ የወደቀውን የመስቀል ብርሃን ሲገልጽልኝ ሌላ ቤት የገባ ነው የመሰለኝ። እኔ ስቀና ነበር የዋልኩት፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ እግሬ ሥር የነበረው አመለጠኝ ብዬ።

ቶናው የጎልጎታ ነው። ሦስቱን ጥያቄ አንድ በአንድ ጠይቂው። አይቸኩል። «አላስታውስም» ካለ አትቆጪው፤ ናፕኪን ላይ ሣልልኝ በይው። ባለቤቴ መሣል አይችልም፤ የሣለው ቅዱስ ጆንያ የተሸከመ ሰው ይመስል ነበር፤ ያን ናፕኪን ግን እስካሁን መጽሐፌ ውስጥ አለ። ቤተ ጎልጎታን የማውቀው በዚያ ነው። አንቺም የቤተ ሚካኤልን ምሰሶ ንገሪው፤ በብዛት አጠገቡ አልፎ አላየውም።

በረካው ላይ ከሰዓት በኋላ ምን እንደምታዩ ወስኑ። ብዙውን ጊዜ ቤተ ጊዮርጊስ ነው፤ ግን ጉልበት የተረፋችሁ እንደሆነ አንድ ጨምሩ የምላችሁ ቤተ አባ ሊባኖስን ነው። ንግሥት መስቀል ክብራ ባሏ ንጉሥ ላሊበላ ካረፈ በኋላ ለመታሰቢያው መላእክት አግዘዋት በአንድ ሌሊት ያሠራችው ነው ይባላል። አራት ጎኑ ከዓለቱ ተለይቶ ጣሪያው ብቻ ከተራራው ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። ባልና ሚስት ሆኖ ሄዶ እሱን ሳያዩ መመለስ ትንሽ ይከብዳል፤ ያም ሆኖ ጉልበታችሁን እዩ።

ሒሳቡን ስትጠይቁ 8 ሰዓት አልፎ ይሆናል። ይለፍ።

8. ቤተ ጊዮርጊስ፣ 9 ሰዓት ተኩል ላይ

ከሁሉ የሚታወቀው ይህ ነው፤ በፖስታ ካርድም፣ በየቢሮው ግድግዳም አይተነዋል። ስለዚህ ያየነው ይመስለናል። ወደ ታች ከመውረዳችሁ በፊት ከላይ ሆናችሁ ጣሪያውን እዩ፦ አንዱ ባንዱ ውስጥ የገቡ ሦስት መስቀሎች። ቁመቱ 12 ሜትር ገደማ ነው፤ የቆማችሁበት መሬት ከጣሪያው ጋር እኩል መሆኑን ልብ በሉ። ይህ ቤት ከመሠረት ወደ ላይ አልተሠራም። መጀመሪያ ዙሪያው ተቆፍሮ መካከሉ ብቻውን ቀረ፤ ከዚያ ከጣሪያው እየወረዱ ጠረቡት። ስሕተት ቢሠሩ የሚለጥፉበት ድንጋይ አልነበራቸውም።

ከዚያ ውረዱ፣ በመተላለፊያው ቀስ ብላችሁ። ስትደርሱ መስኮቶቹን ቁጠሩ፤ ይህን ሁለታችሁ በአንድ ላይ አድርጉት። ከታች ያሉት 9 ናቸው፤ ሁሉም ድፍን ናቸው፣ ብርሃን አያስገቡም። ከላይ ያሉት 12ቱ ክፍት ናቸው፤ አናታቸውም ሹል ሆኖ እንደ አበባ ተቀርጿል። የታችኞቹን ማዕዘን ጠጋ ብላችሁ ስታዩ አራት ማዕዘን ጉጥ ጉጥ ይላል። ርእሰ ህበይ ይሉታል፣ የዝንጀሮ ራስ ማለት ነው። በአክሱም ጊዜ ቤት በድንጋይና በእንጨት እየተፈራረቀ ሲሠራ ወደ ውጭ የሚቀረው የእንጨቱ ጫፍ ነበር። እዚህ እንጨት የለም፤ አንድ ዓለት ነው። ጠራቢዎቹ ግን ቤት ሲባል የሚያውቁት እንደዚያ ስለነበር የእንጨቱን ጫፍ በድንጋይ ቀረጹት። እውነተኛውን እንጨት ማየት የፈለገ ሰው ሌላ ቀን ይዞ ይምርሐነ ክርስቶስን ይሂድ፤ ዋሻ ውስጥ ያለው ያ ቤተ ክርስቲያን በእንጨትና በድንጋይ ነው የተሠራው።

ውስጡ ትንሽ ነው፣ ምሰሶም የለውም። ከመውጣታችሁ በፊት የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ኮቴ ነው የሚባለውን በግድግዳው ላይ ያሳዩዋችኋል፤ «የእኔን ቤት ረሳችሁት» ብሎ ሊጠይቅ የመጣ ጊዜ ያተመው ነው ይባላል። ባለቤቴ በዚህ ነገር አይቀልድም፤ ነጠላውን አስተካክሎ ይሳለማል።

ወደ ላይ ስትወጡ ፀሐይዋ ዘንበል ትላለች፤ ድንጋዩ ላይ የበቀለው ቢጫ ሽበት ያን ጊዜ ነው ደምቆ የሚታየው። አፋፉ ላይ ተቀመጡ፤ ግን ጫፉ ላይ አይደለም፣ አጥር የለውም።

9. ማታ

ጠጅ ቤት የሚሄድ ሰው አሁን ብርሌውን ይጨምር። አዝማሪ ካለ መግቢያው ላይ ስማችሁን ጠይቆ ግጥም ውስጥ ያስገባችኋል፤ አንቺን ያሞግሳል፣ እሱን ይወጋል፤ ደንቡ ነው፣ አትቀየሙ። ባቲንና አምባሰልን እዚሁ አገራቸው ላይ አዝዙ። ለአዝማሪው የሚለጠፈው ብር ከጠዋቱ ዝርዝር እንዲተርፋችሁ ሦስት አራት ኖት በሌላ ኪስ ለይታችሁ ያዙ፤ ባትሪውንም፣ መንገዱ ጨለማ ነው።